ያልተመዘነ ቡና ዜሮ ኪሎ አይደለም፦ በኦአርኤም ነልን እንዴት እንጠይቅ

አጋሮ አካባቢ ላለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ትንሽ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ገበሬው እሸት ቡናውን ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ኪሎው ይገባል፣ ቅዳሜ ሒሳቡን ይቀበላል። ከጅማ ላፕቶፔን ይዤ እየተመላለስኩ ነው የሠራሁት። በፓይተን ቋንቋ፣ ከሥር ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ፣ በመሀል ደግሞ ኤስኪውኤል አልኬሚ በሚባል ኦአርኤም፤ ኦአርኤም በፕሮግራም ቋንቋ የጻፍነውን ወደ ኤስኪውኤል፣ ማለትም ወደ ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ የሚቀይር መሣሪያ ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ አባት ረጅም መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ሰልፉን ጠብቀው፣ ተራቸው ሲደርስ «ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም» ተባሉ። ቡናቸውን ማስረከባቸውን ሁሉም ያውቃል። ዳታቤዙ ውስጥም አለ። እኔ ያተምኩት ወረቀት ላይ ግን የለም። የዚያን ቀን ስሙ የጠፋው ሰው ደግሞ እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ኩዌሪው፣ ማለትም ለዳታቤዙ ያቀረብኩት ጥያቄ፣ ቀላል ነበር፦ የክፍያ መንገዳቸው ባንክ ያልሆነውን ሁሉ አምጣ። እነሱ ጥሬ ገንዘብ የሚከፈልበት ጠረጴዛ ጋ ይሰለፋሉ። የእኚህ አባት የክፍያ መንገድ ግን ባዶ ነበር። አዲስ አባል ስለሆኑ ማንም አልጠየቃቸውም። ባዶ ደግሞ ባንክ አይደለም፣ ስለዚህ ይመጣሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አልመጡም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝርዝሩ ጎደሎ ሆኖ በጸጥታ ታተመ።

ይሄን የምጽፈው በኦአርኤም የምትሠሩ ልጆች እዚያው ቦታ እንዳትወድቁ ነው። በፓይተኑ ጃንጎም ሥሩ፣ በፒኤችፒው ላራቬልም ሥሩ፣ ነገሩ ያው ነው። ኦአርኤሙ ኤስኪውኤልን ከዓይናችሁ ይሸፍነዋል እንጂ የኤስኪውኤልን ሕግ አይቀይረውም።

መጀመሪያ ነል ምንድን ነው

ነል ማለት «እዚህ ቦታ ላይ ዋጋ የለም» ማለት ነው። ዜሮ አይደለም። ባዶ ጽሑፍም አይደለም። «አይ» የሚል መልስም አይደለም። ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ይሄን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ደብተራቸው ላይ ገበሬው መጥቶ ቡናው በጥራት ምክንያት ከተመለሰ «0» ይጽፋሉ፤ መጥቶ ገና ካልተመዘነ ደግሞ ሰረዝ ያደርጋሉ። ደብተሩን ወደ ዳታቤዝ ስናስገባ እኔ ሁለቱንም ዜሮ አድርጌ ልጭን ስል «ልጄ፣ ሰረዙ ሌላ ነው» ብለው አስቆሙኝ።

ዳታቤዙም እንደሳቸው ነው የሚያስበው። ለእሱ አንድ ጥያቄ ሦስት መልስ አለው፦ እውነት፣ ሐሰት፣ ያልታወቀ። ኪሎው ነል ከሆነ «ኪሎው ከ50 ይበልጣል ወይ» ብትሉት መልሱ ያልታወቀ ነው። «ከ50 ያንሳል ወይ» ብትሉትም ያልታወቀ ነው። «ኪሎው ነል ጋር እኩል ነው ወይ» ብትሉት እንኳ ያልታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የማይታወቁ ነገሮች እኩል ይሁኑ አይሁኑ ማንም አያውቅም። ማጣሪያው ደግሞ የሚያሳልፈው መልሱ እውነት የሆነውን ረድፍ ብቻ ነው። ያልታወቀው ከሐሰቱ ጋር አብሮ ይጣላል። የእኚያ አባት ስም የጠፋው በዚህ ነው፦ «ባዶ ከባንክ ይለያል ወይ» ለሚለው መልሱ «ያልታወቀ» ሆነና ማጣሪያው ላይ ቀረ።

በነገራችን ላይ የግንኙነት ዳታቤዝን (ዳታ በሠንጠረዥ የሚቀመጥበትን) ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤድጋር ኮድ ራሱ በአንድ ነል አልረካም ነበር። በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሁለት ምልክት ይኑር አለ፤ አንዱ «ዋጋው አለ ግን አናውቀውም» ለሚለው፣ ሌላው «ይሄ ጥያቄ እሱን አይመለከተውም» ለሚለው። ኤስኪውኤል ግን አንዱን ነል ይዞ ቀረ። ስለዚህ ባዶው ምን ማለት እንደሆነ ዳታቤዙ አይነግራችሁም። ሥራውን የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ አለባችሁ። ስልክ ቁጥሩ ባዶ የሆነ ገበሬ ስልክ የለውም ነው ወይስ አልጠየቅነውም? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ባዶውን መፈለግ

በጃንጎ ቀላል ነው። የፊልዱ (የዓምዱ) ስም፣ ሁለት የታች ሰረዝ፣ ከዚያ «ኢዝነል» ብላችሁ እውነት ወይም ሐሰት ትሰጡታላችሁ። ፊልዱን ከ«ኖን»፣ ከፓይተኑ ባዶ፣ ጋር እኩል አድርጋችሁ ብታጣሩም ጃንጎ ራሱ ወደ ኤስኪውኤሉ የነል መጠየቂያ፣ ወደ «ኢዝ ነል»፣ ይቀይረዋል። በላራቬል «ዌርነል» እና «ዌርኖትነል» አሉ።

ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዓምዱን በሁለት የእኩል ምልክት ከ«ኖን» ጋር ብታወዳድሩት በትክክል «ኢዝ ነል» ይሆናል። ችግሩ የኮድ ማጽጃ መሣሪያዎች «ከኖን ጋር በእኩል ምልክት አታወዳድር፣ ኢዝ በል» ብለው ይቆጣሉ። አንድ ጓደኛ ያንን አይቶ በቅንነት በፓይተኑ «ኢዝ» ይተካዋል። ያን ጊዜ ኩዌሪው ይሞታል። «ኢዝ»ን የሚመልሰው ፓይተን ነው፣ ዳታቤዙ ጋ አይደርስም። ፓይተን ደግሞ የሚያየው የዓምዱን ኦብጀክት ነው፣ እሱ መቼም «ኖን» አይደለም፣ ስለዚህ እዚያው ሐሰት ይላል። ዳታቤዙ የሚደርሰው «ሐሰት የሆነውን አምጣ» ነው፤ ምንም አያመጣም። መፍትሔው የዓምዱ የራሱ ዘዴ ነው፦ መጨረሻው ላይ የታች ሰረዝ ያለው «ኢዝ_»። አሉታዊው «ኢዝ_ኖት» ነው። እሱን ልመዱ፣ ማጽጃውም ዝም ይላል።

በእጃችሁ ኤስኪውኤል ስትጽፉ ወይም በጃቫው ኦአርኤም በሃይበርኔት የራሳችሁን ኩዌሪ ስትጽፉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚያ በእኩል ምልክት የተጻፈ ማጣሪያ ውስጥ የገባው ፓራሜትር (ከውጭ የምትሰጡት ዋጋ) ነል ከሆነ ማንም አይቀይርላችሁም። ያው «ያልታወቀ» ይሆንና ባዶ ዝርዝር ይመጣል።

«ያልሆነውን አምጣ» ሲባል

ኦአርኤሞች እርስ በርስ የማይስማሙት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘዋወሩ የለመዳችሁት ልማድ ሊጥላችሁ ይችላል። ጃንጎ ላይ «ኤክስክሉድ» ብላችሁ ባንክን ስታስወጡ፣ ፊልዱ ነል የሚቀበል ከሆነ ጃንጎ ራሱ ተጨማሪ ሁኔታ ይጽፍላችኋል፣ ባዶዎቹም ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራሉ። የማይክሮሶፍቱ ኦአርኤም ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮርም እንደ ሲ ሻርፕ ቋንቋ አስተሳሰብ ይሠራል፤ ባዶዎቹን ያመጣል። ኤስኪውኤል አልኬሚ እና የላራቬሉ ኤሎኩዌንት ግን ያላችሁትን እንዳለ ለዳታቤዙ ያስተላልፋሉ። «አይደለም» ካላችሁ ባዶዎቹ ይወጣሉ። እኔ ከጃንጎ መጥቼ ነው አልኬሚ ላይ የወደቅኩት።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በግልጽ መጻፍ፦ «ባንክ ያልሆነ ወይም ነል የሆነ»። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ስድስት ወር ቆይቶ ኮዱን የሚያነበው ሰው ባዶዎቹ ታስቦባቸው እንደገቡ ያያል። ሁለተኛው «ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም» የሚባለው ነው፤ ነልን እንደ አንድ ተራ ዋጋ ቆጥሮ ያወዳድራል፣ መልሱም እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው። አልኬሚ ይሄን በዘዴ ስም ይሰጣችኋል፣ እንደ ዳታቤዙ ዓይነትም ይተረጉመዋል።

ዓምዱን «ኮዋሌስ» ውስጥ ጠቅልሎ ማወዳደር የሚወዱ አሉ፤ ባዶ ከሆነ ይሄን ውሰድ የሚለው ማለት ነው። ይሠራል። ግን ማጣሪያ ውስጥ ዓምዱን በፈንክሽን ስትጠቀልሉ በዓምዱ ላይ የሠራችሁት ተራ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ላይጠቅም ይችላል። ለማሳያ ተጠቀሙበት፣ ለማጣሪያ ግን ሌላ መንገድ ካለ እሱን ውሰዱ።

ከሁሉም ክፉው «ኖት ኢን» ነው። «ክፍያ ቴብል (ሠንጠረዥ) ውስጥ የሌሉትን ገበሬዎች አምጣ» ልትሉ ነው እንበል። የገበሬውን መለያ ከክፍያ ቴብል በንዑስ ኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ በተጻፈ ኩዌሪ) ታወጣላችሁ፣ ከዚያ «እነዚህ ውስጥ የሌለ» ትላላችሁ። ክፍያ ቴብል ውስጥ የገበሬው መለያ ነል የሆነ አንድ ረድፍ ብቻ ካለ፣ አንድ ብቻ፣ ጠቅላላ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ዳታቤዙ ስለ እያንዳንዱ ገበሬ «ያ የማይታወቀው እሱ ሊሆን ይችላል» ብሎ ስለሚያስብ ማንንም በእርግጠኝነት «የለም» ሊል አይችልም። ጃንጎም ንዑስ ኩዌሪውን ራሳችሁ ስትሰጡት ከዚህ አያድናችሁም። «ኖት ኢን»ን ተዉትና «ኖት ኤግዚስትስ» (የሚገጥም ረድፍ የሌለው) ተጠቀሙ። በጃንጎ «ኤግዚስትስ» እና «አውተርሬፍ» የሚባሉት አሉ፣ ፊታቸው ላይ የመቃወሚያ ምልክት (~) ታደርጋላችሁ። ነል ቢኖርም ባይኖርም በትክክል ይመልሳሉ።

ድምር፣ አማካይ፣ ቆጠራ

አራት ገበሬ አለን እንበል። አንዱ 30 ኪሎ፣ አንዱ 50፣ አንዱ 0፣ አራተኛው አልተመዘነም። አማካዩ ስንት ነው? ዳታቤዙ ነሉን ዘሎ 80ን ለ3 ያካፍላል፣ 26.67 ገደማ። ነሉን መጀመሪያ በዜሮ ከተካችሁት ደግሞ 80 ለ4፣ ማለትም 20 ይሆናል። ሁለቱም ቁጥር ሒሳቡ ልክ ነው፣ ሪፖርት ላይ የሚናገሩት ግን ሌላ ሌላ ነገር ነው። የትኛው እንደሚፈለግ ሳትጠይቁ አትተኩ። ላልተመዘነ ቡና ዜሮ መጻፍ ውሸት ነው፣ ገበሬውንም ያሳጣዋል።

ቆጠራም እንዲሁ። ረድፎችን ስትቆጥሩ አራት ይላል፤ የኪሎውን ዓምድ ስትቆጥሩ ሦስት። ይሄን ለመልካም መጠቀም ይቻላል። የሁለቱ ልዩነት ስንት ሰው ገና እንዳልተመዘነ ይነግራችኋል። እኔ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ አትመዋለሁ።

ድምር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ምንም ረድፍ ከሌለ ድምሩ ዜሮ አይደለም፣ ነል ነው። ጠዋት ገና ማንም ሳያስረክብ ዳሽቦርዱን ስትከፍቱ «ኖን» ይመጣል፣ ከዚያ ፓይተን እሱ ላይ ቁጥር ልደምር ሲል ይወድቃል። እዚህ ቦታ ላይ ዜሮ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ምንም ካልመጣ ዜሮ ኪሎ መጥቷል። ከጃንጎ 4.0 ጀምሮ ድምሩ ውስጥ «ዲፎልት» ብላችሁ ዜሮ መስጠት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት ባለው «ኮዋሌስ» ትጠቀማላችሁ።

ዓምድ ከዓምድ ስትደምሩ ግን ነሉ አይዘለልም፣ ሁሉንም ይበላል። ኪሎ ሲባዛ በዋጋ፣ ሲደመር ጉርሻ። ጉርሻው ነል ከሆነ ክፍያው ጠቅላላ ነል ይሆናል፣ ደረሰኙም ባዶ ሆኖ ይወጣል። ጉርሻ ያልተመዘገበለት ሰው ጉርሻ የለውም ብሎ ማኅበሩ ከወሰነ ጉርሻው ላይ ብቻ «ኮዋሌስ» አድርጉ። ኪሎው ላይ አታድርጉ። ኪሎው ባዶ ከሆነ ክፍያው ባዶ ሆኖ መታየቱ ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው አይቶ ይጠይቃል።

ስም ላይም ይሄው ነው። የኛ ስም ሦስት ክፍል አለው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የአያት ስም ያልተሞላለት ሰው ሲኖር ሦስቱን በፖስትግሬስ የማገናኛ ምልክት ስታያይዙ ሙሉ ስሙ ነል ይሆናል። የጃንጎ ማያያዣ «ኮንካት» ይሄን ራሱ ይሸፍንላችኋል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ «ኮንካት» ግን አንዱ ነል ከሆነ ሁሉንም ነል ነው የሚያደርገው።

ስለ አደራደር አጭሩን ልበል። ፖስትግሬስ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድር ነሎችን መጨረሻ ያደርጋል፣ ማይኤስኪውኤል እና ኤስኪውላይት የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ መጀመሪያ። በላፕቶፓችሁ ኤስኪውላይት፣ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ ከሆነ ገጹ ሁለት ዓይነት ይመስላል። «ነልስ ላስት» (ነሎች መጨረሻ) ብላችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ጃንጎም አልኬሚም ይሰጣችኋል።

ሁለት ቴብል ሲገናኙ

ሁሉንም ገበሬ ማየት ትፈልጋላችሁ፣ ከጎኑ ደግሞ የኅዳርን ኪሎ። ግራውን ቴብል ሙሉ የሚያስቀር «ሌፍት ጆይን» ትጠቀማላችሁ። ኅዳር ላይ ያላስረከበ ገበሬ በቀኝ በኩል ያሉት ዓምዶቹ ሁሉ ነል ይሆናሉ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ማጣሪያ ላይ «ወሩ ኅዳር የሆነ» ስትሉ ነሉ «ያልታወቀ» ይሆንና እነዚያ ገበሬዎች ይጣላሉ። «ሌፍት ጆይን» መጻፋችሁ ከንቱ ሆነ። ሁኔታውን ከማጣሪያው አውጥታችሁ ማገናኛው ውስጥ አስገቡት። በጃንጎ ደግሞ ድምሩ ራሱ ውስጥ «ፊልተር» የሚባል ቦታ አለ፣ ወሩን እዚያ ስጡት። ያን ጊዜ ገበሬው ሁሉ ይቀራል፣ የሚጣራው የሚደመረው ብቻ ነው።

ጃቫስክሪፕት ለምትሠሩ፣ በተለይ ፕሪዝማ የሚባለውን ኦአርኤም ለምትጠቀሙ፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። እዚያ «ነል» እና «አንዲፋይንድ» የተለያዩ ናቸው። ነል ማለት «ባዶ የሆነውን» ነው። ማጣሪያ ውስጥ የገባ «አንዲፋይንድ» ግን በመደበኛው አሠራር «ይሄን ሁኔታ እንዳልጻፍኩት ቁጠረው» ማለት ነው። ከፎርም የመጣው መለያ በስህተት «አንዲፋይንድ» ቢሆንና እናንተ ብዙ ረድፍ የሚሰርዘውን ትእዛዝ በእሱ ብታጣሩ፣ ማጣሪያ የሌለው ስረዛ ይሆናል፤ ቴብሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከመሰረዝ በፊት መለያው መኖሩን በኮድ አረጋግጡ።

ከሥሩ ማስተካከል

ብዙው ችግር የሚጀምረው ሞዴሉን (ቴብሉን የሚገልጸውን ኮድ) ስንጽፍ ነው። ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይረው እርምጃ) ሲያስቸግረን «ነል ይፍቀድ» እንላለን፣ ከዚያ ይረሳል። በተቃራኒው መሄድ ይሻላል፦ ሁሉም ዓምድ ነል አይፈቀድም፣ የምትፈቅዱት ባዶው ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ስትችሉ ብቻ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ሞዴሉ ላይ ጻፉት። «ነል ከሆነ ገና አልተመዘነም» የሚል አንድ መስመር ሰው ያድናል።

ጽሑፍ ለሚይዝ ፊልድ ጃንጎ ነል አትፍቀዱ ይላል፣ ትክክል ነው። አለበለዚያ «ምንም የለም» የሚለው ነገር ሁለት መልክ ይኖረዋል፣ አንዱ ነል፣ አንዱ ባዶ ጽሑፍ፤ ኩዌሪ በጻፋችሁ ቁጥር ሁለቱንም መፈለግ ይኖርባችኋል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ስልክ ቁጥር አይደገም ካላችሁና ስልክ የሌለው ገበሬ ካለ፣ ባዶ ጽሑፍ ሁለተኛው ስልክ አልባ ሰው ላይ «ተደግሟል» ብሎ ይቆማል። ነል ግን በፖስትግሬስ፣ በማይኤስኪውኤልና በኤስኪውላይት እንደ ተደጋጋሚ አይቆጠርም። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን አንድ ነል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ደግሞ ነሎችም እንዲቆጠሩ መምረጥ ትችላላችሁ።

«የአንድ ኪሎ ዋጋ ከዜሮ ይበለጥ» የሚል የቼክ ገደብ (የማይሆን ነገር እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) ብታደርጉም ነሉን አይከለክለውም። ቼክ የሚጥለው ሐሰትን ብቻ ነው፣ ያልታወቀው ያልፋል። ማጣሪያ ያልታወቀውን ይጥላል፣ ቼክ ያሳልፋል። ስለዚህ «ነል አይፈቀድም» የሚለውን ለብቻው ጨምሩ።

ነልን ሸሽቶ የውሸት ዋጋ መሙላት ከነል ይብሳል። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ «መስከረም 1» ተብሎ የሞላበትን ፋይል አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የእውነት መስከረም 1 የተወለደውን ከሌላው የሚለይ የለም። ባዶ ቢተው ኖሮ ቢያንስ ያልተጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ሁለት ልማድ ልጨምር። አንደኛ፣ ኦአርኤሙ የጻፈውን ኤስኪውኤል አውጥታችሁ አንብቡ። በጃንጎ የኩዌሪሴቱን «ኩዌሪ» ማተም ነው፤ በአልኬሚ ኤንጂኑ ላይ «ኤኮ»ን ማብራት። «አይደለም»፣ «ኖት ኢን» ወይም «ሌፍት ጆይን» ባለበት ቦታ ሁሉ አድርጉት። ሁለተኛ፣ የመሞከሪያ ዳታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ባዶ ረድፍ ይኑር። እኔ ስሞክር ሁሉም ገበሬ ሙሉ መረጃ ነበረው፤ ለዚህ ነው ምንም ያላየሁት። አሁን መጀመሪያ የምፈጥረው ስልክ የሌለው፣ የክፍያ መንገዱ ያልተሞላ፣ ቡናው ገና ያልተመዘነ ገበሬ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ዝርዝር እዚያው ተቀምጬ አስተካከልኩት። «ባንክ ያልሆነ ወይም ነል የሆነ» አልኩና እንደገና አተምኩ። እኚያ አባትም ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ባዶዎቹን «ጥሬ ገንዘብ» ብዬ አልሞላኋቸውም። ወረቀቱ ላይ ከስማቸው ጎን «ያልተጠየቀ» የሚል እንዲወጣ አደረግኩ። ከፋዩ ያንን ሲያይ «እንዴት ይከፈልዎ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ ማታ እኔ አስገባዋለሁ።